"ወፈርሽ" ከመቼ ወዲህ ነው ስድብ የሆነው?

መሀል ሜዳ በሄድኩ ቁጥር እምዬ መጀመሪያ የምታደርገው ነገር አንድ ነው። ጉንጬን ስማኝ ሳትጨርስ ክንዴን ከብብቴ ዝቅ ብላ ጨበጥ ታደርገዋለች። ልክ በግ እንደሚገዛ ሰው። የመንዝ ሰው በግ ሲገዛ በዓይኑ አያምንም፣ ሱፉ አታላይ ነው፤ እጁን ሱፉ ውስጥ ሰዶ ጀርባውን ይጨብጣል። እኔም እንደዚያው እጨበጣለሁ። ከዚያ ፍርዱ ይመጣል፤ "ምነው ልጄ፣ እንዲህ አለቅሽ? እዚያ እህል የለም እንዴ?"

ሦስት ቀን ገንፎና ጭኮ በልቼ ደብረ ብርሃን እመለሳለሁ። ሰኞ ጠዋት ቢሮ ስገባ የሥራ ባልደረባዬ ከላይ እስከ ታች ታየኝና፣ "አንቺ ልጅ፣ ገጠር ተስማማሽ መሰለኝ፣ ጨመርሽ" ትለኛለች። እምዬ ብትለው ኖሮ ምርቃት ነበር። ቢሮ ውስጥ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው የምትለው፣ ቀሚሴ ከኋላ እንደተቀደደ ሹክ እንደምትል።

ሰውነቱ ያው ነው። በግማሽ ቀን የመኪና መንገድ ውስጥ፣ ጣርማ በር ላይ ጉም ውስጥ ገብቼ ስወጣ፣ ከከሲታ ወደ ወፍራም ተቀየርኩ። ታዲያ ማናቸው ናቸው ልክ? ብዙ ካሰብኩበት በኋላ የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ እህል ነው። ላብራራው።

እምዬ ያደገችበት አገር ብርድ ነው። ገብስ፣ ባቄላ፣ በግ። ውርጭ አንድ ሌሊት ከመታው የዓመት ልፋት ገደል ገባ ማለት ነው። የእሷ አያቶች ክፉ ቀንን ያዩ ሰዎች ናቸው፤ ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ከብቱን በሽታ ፈጅቶት፣ የሚያርስ በሬ ጠፍቶ፣ ሰው እንደ ቅጠል የረገፈበት ጊዜ። እሷ ራሷ ደግሞ 77ን አይታለች። እንደዚህ ባለ አገር ሰውነት ላይ ያለ ስብ ጎተራ ነው። አይጥ አይገባበትም፣ ነቀዝ አይበላውም፣ ሌባም አይሰርቀውም። ሞላ ያለች ሴት ማለት ቤቷ እህል ያለ ሴት ማለት ነው።

በዚያ ላይ ሥራው አለ። ሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት እህሉ በድንጋይ ነው የሚፈጨው፣ በእጅ፣ ተንበርክኮ፣ ከሌሊቱ ዶሮ ጩኸት ጀምሮ። እንስራው በጀርባ ነው። ሱፉ ይፈተላል። እንዲህ እየሠራሽ መወፈር አይታሰብም። ስለዚህ የደለበች ሴት ካየሽ ወይ የሚፈጭላት ሰው አለ፣ ወይ አራስ ናት። የእቴጌ ጣይቱን ፎቶ እስቲ አስታውሱት፤ ሰፊ ትከሻ፣ ሙሉ ፊት፣ ደልደል ብሎ መቀመጥ። ያ ሰውነት በዘመኑ ራሱን የቻለ ጌጥ ነበር፣ እንደ ካባው።

አራስ ካልኩ አይቀር። ገጠር ቤት አራስ ስትታረስ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ገንፎው ይሠራና መሀሉ ላይ በማንኪያ ጉድጓድ ይበጅለታል፣ ጉድጓዱ ቅቤና በርበሬ ይሞላል፣ ከዚያ የአጃ አጥሚት፣ ከዚያ እንደገና ገንፎ። በቃኝ ማለት የለም፤ ጠያቂ ሴቶች ራሳቸው ከአልጋው አጠገብ ተቀምጠው "በሞቴ" እያሉ ያጎርሳሉ። ወንድ ከወለደች አርባ ቀን፣ ሴት ከወለደች ሰማንያ ቀን እስከ ክርስትናው። ያን ሁሉ በልታ ከስታ ብትወጣ አገር ጉድ ይላል፣ የሚታማው ደግሞ ባሏ ነው።

ይህ ዝም ብሎ ልማድ አይደለም፣ ከሴት አካል አሠራር ጋር ይገጥማል። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከጉርምስና ጀምሮ ስብን ወደ ዳሌና ወደ ጭን ይመራዋል። እዚያ የተቀመጠ ስብ በቀላሉ አይነካም፤ ሴቷ ስታጠባ ግን ይለቀቅና ለወተት ይውላል። ስቡ በጣም ካነሰ ደግሞ የወር አበባ ይዛባል ወይም ጭራሽ ይቆማል። እናቶቻችን ሆርሞን የሚባል ነገር አልሰሙም፣ ነገር ግን ዳሌዋን አይተው "ይህች ትወልዳለች" ሲሉ የሆነ ነገር ገብቷቸው ነበር። (ዳሌ ሁሉንም ይናገራል ማለት አይደለም፤ ቀጭኗም ትወልዳለች፣ እምዬ ራሷ እንደ ስንደዶ ቀጭን ሆና ዘጠኝ ወልዳለች። ይህን ሳነሳባት ወሬ ትቀይራለች።)

ስለዚህ ድሮ ውፍረት ብቻ ነበር የሚወደደው ማለት ነው? አይደለም። የምንጠቀምባቸውን ቃላት ስሙ። አንገተ መቃ፣ ወገበ ቀጭን፣ ተረከዘ ሎሚ፣ ጥርሰ በረዶ። ለግላጋ፣ ዘንካታ፣ ሸንቃጣ። አንገቷና ወገቧ ቀጠን፣ ዳሌዋና ባቷ ሞላ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወዝ። ወዝ የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ቆዳው ላይ የሚታይ ማብራት ነው፣ ከውስጥ የሚመጣ፤ በልታ ያደረች፣ ቅቤ የቀመሰች፣ ያልታመመች ሴት ፊት ላይ ያለው ነገር። ክሬም አይሰጠውም።

ሌላ ልብ በሉልኝ የምለው ነገር አለ፣ ልብሱን። በመንዝ ብርድ ማንም ገላውን ገልጦ አይሄድም። ሽንሽን ቀሚስ፣ በላዩ ነጠላ ወይም ጋቢ፣ ሲብስም ባና። የሰውነት ቅርጽ የሚባለው ነገር ከዚያ ሁሉ ጨርቅ ውስጥ ነው ያለው፣ ማን ያየዋል? የሚታየው ፊት፣ ጸጉር፣ አንገት፣ እጅና ቁርጭምጭሚት ነው። ጌጡም ሄዶ ያረፈው እዚያው ነው። አንገት ላይ ንቅሳት፣ ድድ ላይ ንቅሳት ስትስቅ እንዲታይ፣ ዓይን ላይ ኩል፣ ጸጉር ላይ ሹሩባ፣ እጅና እግር ላይ እንሶስላ፣ ቁርጭምጭሚት ላይ አልቦ። ወገብ የሚታወቀው በመቀነት ብቻ ነው። መቀነት ደግሞ ልክ የለውም፤ ስትወፍሪ ላላ ታደርጊዋለሽ፣ ሁዳዴ ሲያከሳሽ ጠበቅ ታደርጊዋለሽ፣ ስታረግዢ ከፍ ታደርጊዋለሽ። አንድ ቀሚስ ልጃገረድ ሆነሽም፣ እርጉዝ ሆነሽም፣ አሮጊት ሆነሽም ይሆንሻል። ሰውነት ሲቀየር ልብሱ ነበር የሚከተለው። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስበታለሁ።

ሌላው ዓለምም ከዚህ ብዙ የተለየ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1908 ኦስትሪያ ውስጥ ቪለንዶርፍ የሚባል ቦታ የተገኘች 11 ሴንቲ ሜትር የምትሆን የድንጋይ ቅርጽ አለች፣ ከ25 ሺህ ዓመት በላይ ዕድሜ ያላት፤ ጡቷም ሆዷም ዳሌዋም የተትረፈረፈ። በ17ኛው መቶ ዘመን ሩበንስ የሚባለው ሠዓሊ የሣላቸው ሴቶች ዛሬ ጂም ቢገቡ አሠልጣኙ በደስታ ነበር የሚመዘግባቸው። ሞሪታኒያ ውስጥ ሴት ልጅ ለጋብቻ እንድትደርስ ወተትና ኩስኩስ በግድ እየተጋተች የምትወፍርበት ልማድ አለ፣ አለንጋም አይጠፋበትም፤ ይህን ሳስብ የእኛ "በሞቴ" ስንት ጊዜ ምርቃት ነው እላለሁ። ውፍረት የሴት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ደግሞ ወደ ደቡብ ኦሞ ይሂድ፤ ቦዲዎች ዘንድ ወንዶቹ ናቸው ለወራት ጎጆ ውስጥ ተቀምጠው ወተትና የከብት ደም እየጠጡ ማን ይበልጥ ወፈረ የሚባባሉት።

ከዚያ አውሮፓና አሜሪካ እህል ረከሰ። ፋብሪካ መጣ፣ ወንበር ላይ ተቀምጦ መዋል መጣ። መወፈር ለድሃውም ቀላል ሆነ። ያኔ ነው ነገሩ የተገለበጠው፤ ማንም የሚያገኘው ነገር ጌጥ አይሆንማ። እዚያ አሁን ውድ የሆነው ቅጥነት ነው፤ ጊዜ፣ ለይቶ የሚበላ ምግብና የጂም ክፍያ ይጠይቃል። መንገዱ ግን ቀጥ ያለ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ደረት የሌላት የምትመስል ቀጭን ልጅ ፋሽን ሆነች፣ በ1950ዎቹ ማሪሊን ሞንሮ መጥታ ዳሌና ደረትን መለሰች፣ በ1966 ደግሞ ትዊጊ የምትባል እንግሊዛዊት ታዳጊ እንደ ጭራሮ ቀጥና የመጽሔት ሽፋን ሁሉ ወረሰች። በ2010ዎቹ ኪም ካርዳሺያን ዳሌን ይዛ ተመለሰች። አሁን በስኳር መድኃኒትነት የተጀመረው ሴማግሉታይድ፣ ኦዜምፒክ የሚሉት መርፌ፣ ሀብታሙን ሁሉ እያከሳው ነው፣ እንግዲህ ፋሽኑ ወዴት እንደሚሄድ መገመት ነው።

የእህሉ ነገር የእኔ ፍልስፍና ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2006 እንግሊዝ አገር የታተመ ጥናት ነው። ተመራማሪዎቹ የዩኒቨርሲቲ ወንዶችን ከእራት በፊትና ከእራት በኋላ የሴቶች ፎቶ እያሳዩ የትኛዋ ታምራለች ብለው ጠየቁ። የራባቸው ሞላ ያሉትን መረጡ፣ የጠገቡት ቀጠን ያሉትን። ሆዱ ነው የመረጠው በሉት። ከ4 ዓመት በኋላ ደግሞ በ26 አገሮች ከ7 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ተመሳሳይ ነገር ታየ፤ ኑሮ ዝቅ ባለበት ሞላ ያለች ትወደዳለች፣ ኑሮ ከፍ ባለበት ቀጭኗ።

ከሁሉም ግን እኔን ያስደነገጠኝ የፊጂ ነገር ነው።

ፊጂ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ያለች የደሴት አገር ናት፣ ከእኛ ጋር የሚያገናኛት ምንም ያለ አይመስልም። ግን እዚያም ቤት የመጣ እንግዳ አብላው ይባላል፣ እዚያም ሴት ስትከሳ ጎረቤት ይጨነቃል፣ "ምን ነካት፣ ማን አጎደለባት" ይባላል። እምዬ ፊጂ ብትወለድ ምንም አይከብዳትም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1995 ናድሮጋ ወደሚባለው አካባቢ ቴሌቪዥን ገባ። አን ቤከር የምትባል አሜሪካዊት ሐኪም ልክ ቴሌቪዥኑ ሲገባ የሁለተኛ ደረጃ ሴት ተማሪዎችን ጠየቀች፤ ከ3 ዓመት በኋላ ተመልሳ በዚያው ዕድሜ ያሉትን ጠየቀች። መጀመሪያ ሲጠየቁ ለመክሳት ብላ የበላችውን በራሷ የምታስመልስ አንድም ልጅ አልነበረችም። በ1998 ግን ከመቶ 11 ያህሉ ያደርጉት ነበር። ከመቶ 74 የሚሆኑት "በጣም ወፍራም እንደሆንኩ ተሰምቶኝ ያውቃል" አሉ። የተጠየቁት በየጊዜው ስልሳ ምናምን ልጆች ናቸው፣ ጥቂት ናቸው፣ እውነት ነው። ግን ዜሮ ነበር እኮ!

እዚያ ሦስት ዓመት የፈጀው በሳጥን ቴሌቪዥን ነው። አሁን ሞላሌ ወይ መሀል ሜዳ ያለች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጇ ላይ ቲክቶክ አለ። የምታየው ሰው ደግሞ ከሆሊውድ የመጣ ፈረንጅ ብቻ አይደለም፣ አማርኛ የምታወራ፣ እንደ እሷው ያለች፣ በፊልተር ወገቧ የጠበበ ልጅ ናት። ከፈረንጇ ጋር ራሷን ላታወዳድር ትችላለች፣ ከዚህችኛዋ ጋር ግን ሳታወዳድር አትውልም።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቀኝ ነገር አለ። እኛ "ምን ነካት" የምንለው ቅጥነት ውጭ አገር ገንዘብ አወጣ። ሞዴሏ ሊያ ከበደ እ.ኤ.አ. በ2003 የኤስቴ ላውደር የመዋቢያ ኩባንያ ፊት ስትሆን ያን ቦታ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ነበረች። ረጅም አንገት፣ ትንሽ ፊት፣ ቀጭን ክንድ። እምዬ ብታገኛት ያንን ክንድ ጨበጥ አድርጋ አጥሚት ታስፈላላት ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ጫጫ የተወለደችው ጌጤ ዋሚ አለች፣ የእኛው የአካባቢ ልጅ። በ1999 ሴቪል ላይ 10 ሺህ ሜትር ስታሸንፍ ከስታለች ያለ ሰው አልሰማሁም። ጉልበት ያለው ቅጥነት ሲሆን ለካ ዓይናችን ያውቀዋል።

ወደ ልብሱ ልመለስ፣ ያዙልኝ ያልኩት።

ባለፈው ዓመት ለዘመድ ሠርግ የሀበሻ ቀሚስ ላሰፋ ደብረ ብርሃን አንዲት ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ስልኳን አውጥታ ሞዴል አሳየችኝ። ሁሉም ከላይ እስከ ጉልበት ገላ ላይ የተጣበቀ ነው፣ ከዚያ ወደታች ይበተናል፣ ከኋላ ዚፕ። ሽንሽን እፈልጋለሁ ስላት "እሱ እኮ የእናቶች ነው" አለችኝ። ሜትሯን አንገቷ ላይ እንዳንጠለጠለች ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ እያለች ጮክ ብላ እየጠራች ረዳቷ ደብተር ላይ ትጽፋለች። ሱቁ ውስጥ ሌላም ደንበኛ አለ፣ ሁለት ወንዶችም ዕቃ ሊቀበሉ ቆመዋል። ወገቤን ጠርታ ቆም አለችና "እስከ ሠርጉ ሦስት ሳምንት አለሽ አይደል? ሁለት ሴንቲ ቀንሼ ልስፋው?" አለችኝ። ቀሚሱን ለእኔ ልክ ትሰፋለች ብዬ ነበር የሄድኩት። እሷ ግን እኔን ለቀሚሱ ልክ ልትሰፋኝ ነው።

እሺ አልኳት። አፍራለሁ ግን እውነቱ ይሄው ነው።

ሳይዝ የምንለውም ቁጥር እንዲሁ ከሰማይ አልወረደም። ሰልባጅ ተራ ሄዳችሁ ሱሪ ስታነሱ ወገቡ ላይ ያለው ቁጥር የሆነ ሰው የወሰነው ነው። አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1939 እና በ1940 ወደ 15 ሺህ የሚጠጉ ሴቶችን ለክተው የልብስ መለኪያ ለማውጣት ሞክረው ነበር፤ ውጤቱን ሲያወጡ የነጮቹን ልክ ብቻ ነው የያዙት። ቢ.ኤም.አይ. የሚባለው፣ ክብደትን ቁመት በራሱ ተባዝቶ ለሚገኘው የሚያካፍለው ቁጥርም መነሻው በ1830ዎቹ ኬትሌ የሚባል የቤልጂግ የሒሳብ ሰው ነው፤ አማካይ ሰው ምን ይመስላል ብሎ ሲፈልግ ያገኘው ስሌት እንጂ ጤና ለመመርመር ያዘጋጀው አልነበረም። ዛሬም ጤና ጣቢያ ይጠቅማል፣ ጥቅም የለውም አልልም፤ ስቡ ሆድ ላይ ይሁን ዳሌ ላይ ግን አይነግራችሁም። ልዩነቱ ደግሞ ብዙ ነው። ለስኳርና ለልብ በሽታ ይበልጥ የሚያጋልጠው የሆድ ስብ ነው። የዳሌው ያን ያህል አያሠጋም።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ እምዬና ባልደረባዬ ለምን እንደማይስማሙ የሚያሳይ አንድ የአገራችን ቁጥር አለ። በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በመውለጃ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ከመቶ 22ቱ ከሚገባው በታች የከሱ ነበሩ። ከመቶ 8ቱ ደግሞ ከሚገባው በላይ የወፈሩ። ከዚያ ጥናት 16 ዓመት በፊት ቁጥሩ 30 እና 3 ነበር። ከተማና ገጠር ሲለይ ነው ነገሩ የሚታየው፤ የወፈሩት ከተማ ከመቶ 21፣ ገጠር ከመቶ 4። እምዬ የምትፈራው አሁንም አለ፣ ገና አልሄደም። ባልደረባዬ የምትፈራው ደግሞ በር እያንኳኳ ነው።

መሀል ላይ ያለነው ነን የተቸገርነው። ሆዱ ይጥፋ፣ ዳሌው ይምጣ ነው የሚባለው፤ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሰውነት ላይ። የማውቃት ልጅ ጠዋት በባዶ ሆዷ ሎሚ በሙቅ ውሃ ትጠጣለች ለመክሳት፣ ማታ አብሽ ትጠጣለች ለዳሌ። ሎሚው አብሹን ያገኘው እንደሆነ እንጃ። ሁለቱም ቢያንስ ምግብ ናቸው። ሆድ ላይ የሚታሰረው ቀበቶም ቢሆን ላብ ያወጣል እንጂ ስብ አያቀልጥም፣ ሲፈቱት ሆዱ እቦታው ነው።

የሚያስፈራው ሌላው ነው። ስሙ ያልተጻፈበት የማወፈሪያ ክኒን በቴሌግራም ይሸጣል። እንዲህ ባለው ውስጥ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ዴክሳሜታዞን የመሰለ ስቴሮይድ ነው፤ ፊትና ሆድን ያሳብጣል፣ ስኳርና ደም ግፊት ያስነሳል፣ አጥንት ያሳሳል፣ ለረጅም ጊዜ ወስደውት በአንዴ ሲያቆሙት ደግሞ ሰው ራሱን ስቶ ሊወድቅ ይችላል። ቆዳ የሚያቀሉ ቅባቶችም እንደዚያው፤ ሜርኩሪ ያለበት ኩላሊት ይጎዳል። ከሆድ ስብ ተመጥጦ ዳሌ ላይ የሚወጋበት ቀዶ ሕክምናም አለ፣ ብራዚል የሚል ስም የወጣለት። እ.ኤ.አ. በ2017 የፕላስቲክ ሰርጀሪ ሐኪሞች ራሳቸው ሲያሰሉት ከ3 ሺህ አንዷ ትሞትበታለች አሉ፤ ስቡ ደም ሥር ውስጥ ከገባ ሳንባ ይዘጋል። ለመዋብ ብቻ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ይህ በጣም ብዙ ነው።

ቀሚሱ ደረሰ። ሁለት ሴንቲውን አልቀነስኩም፣ ግማሽም አልቀነስኩ። ዚፑን ሁለት ሰው ሆነው ጎትተው ዘጉልኝ፣ ሠርጉ ላይ ጥሬ ሥጋው ሲዞር በዓይኔ ሸኘሁት። ፎቶው ግን አምሯል፣ አልዋሽም።

ፋሲካ ላይ ያንን ቀሚስ ይዤ መሀል ሜዳ ሄድኩ፣ እምዬ እንድታየው። ጥለቱን በጣቷ እየዳበሰች ወደደችው። ገለበጠችው። የዚፑን ጥርስ አየች፣ በጎን በኩል ስፌቱን ገልጣ ትርፍ ጨርቅ ፈለገች፣ የለም። ከዚያ ቀና ብላ፣

"ስታረግዢ ይህንን ምን ልታደርጊው ነው?" አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። እሷም አልጠበቀችም፤ ገንፎው እየቀዘቀዘ ነበር።